ፊደላችን ከእርሳስ እስከ ቁጥር

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ከብራና ዘመን የመጣ ነው። በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፈ ዳዊት ከእሳት፣ ከውሃና ከምስጥ እስከ ተረፈ ድረስ አምስት መቶ ዓመት አልፎትም ፊደል ለቆጠረ ሰው ይነበባል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተጽፎ በዲስኬት የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ ግን ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ለማንበብ አስቸጋሪ ሆኗል። ዲስኬቱን የሚቀበል መሣሪያ ተፈልጎ ቢገኝና ፋይሉ ቢከፈት እንኳ፣ «ሰላም» የሚለው ቃል በነበረበት ቦታ የሚታየው የላቲን ሆሄያት፣ የጥያቄ ምልክትና የባዶ ሣጥን ድብልቅ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከፊደላችን ረጅም ታሪክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሁላችንም ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት ከማተሚያ ቤት ተነስተን፣ በጽሕፈት መኪና በኩል አልፈን፣ የእኛን ፊደል በጠባይ የሚመስሉትን የሕንድ ፊደላት ዕጣ ጭምር ማየት ያስፈልገናል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የእርሳሱ ዘመን

ፊደላችን መጀመሪያ በማተሚያ የታተመው በአገሩ ሳይሆን በሮም ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያች ከተማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፣ ፊደሉንም አስቀርፆ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 አሳተመ። ከዚያ በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው ሮም ለኅትመት አበቁ።

በአገር ቤት የኅትመት ሥራ በሰፊው እግሩን የተከለው ለአራት ኪሎ ሰው እንግዳ ባልሆነው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤቱን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. አቋቋሙ። በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ መውጣት ጀመረ።

በዚያ ዘመን ኅትመት ማለት እርሳስ ማለት ነበር። ፊደል ለቃሚው በብዙ ትናንሽ ክፍሎች በተከፋፈለ ገበታ ፊት ቆሞ፣ ከእርሳስ የተቀረፁትን ሆሄያት አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ይሠራል። የላቲን ፊደል ለቃሚ ትልቁንና ትንሹን ጨምሮ 52 ሆሄያት ቢያውቅ ይበቃዋል። የእኛው ለቃሚ ግን 33ቱን የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሰባት እርባታቸው፣ ማለትም 231 ሆሄያትን ማወቅ ነበረበት። እነ «ቋ»ና «ኳ»፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ገበታው ምን ያህል እንደሚሰፋ መገመት አያዳግትም።

ሥራው አድካሚ ነበር። ሆኖም እርሳሱ ለፊደሉ አንድ መልካም ነገር ጠብቆለታል። «በ» ለብቻው፣ «ቡ» ለብቻው፣ «ቦ» ለብቻው የተቀረፀ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሆሄ በቁም ጸሐፊው እጅ የነበረውን ሙሉ መልክ ይዞ ወረቀት ላይ ያርፋል።

መኪናው የሰነጠቀው ፊደል

ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራ የጽሕፈት መኪና ያለው ከአርባ ብዙም ያልዘለለ ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ታዲያ 231 ሆሄያት በዚህ ጠባብ ቤት እንዴት ይግቡ?

በአማርኛ ጽሕፈት መኪና ታሪክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ተጠበቡ። የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን ከፍሎ መምታት ነበር። መጀመሪያ የግዕዙ ሆሄ ይመታል፤ ቀጥሎ የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የኃምሱ ቅጥያ ይታከልበታል። ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተስፋፉት የኦሊቬቲ መኪናዎችም ፊደሉን በመቀጣጠል የሚጽፉ ነበሩ። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ አንባቢ ቅጥያው ከሆሄው እግር ትንሽ ተለያይቶ፣ አንዳንዴም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ያስታውሳል።

ያ መኪና አገልግሎቱን አልነፈገም፤ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን የቢሮ ሥራ ተሸክሟል። ይሁንና አንድ ሐሳብም አብሮ አሳድሯል። «ፊደላችን ለዘመናዊ መሣሪያ አይመችም፣ በዝቷልና ይቀነስ፣ ቅርፁም ይስተካከል» የሚለው ክርክር ከጦርነቱ በኋላ በምሁራን መካከል ደጋግሞ ተነሥቷል። ክርክሩ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቁልፍ ማነስ ነበር። እንግዲህ መኪናው ለፊደሉ መስተካከል ሲገባው ፊደሉ ለመኪናው እንዲስተካከል ተጠየቀ ማለት ነው።

ከአቡጊዳ እስከ ሕንድ

የእኛን ፊደል የሚመስል ጠባይ ያላቸው ፊደላት በብዛት የሚገኙት በሕንድ ነው። ሂንዲ የሚጻፍበት ዴቫናጋሪ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚል፣ ቴሉጉና ሌሎችም ተነባቢውን መሠረት አድርገው አናባቢውን በቅጥያ ያሳያሉ። የግዕዝ ፊደል አናባቢን ማሳየት የጀመረው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን አካባቢ ነው። በቀይ ባሕር ንግድ ምክንያት ከሕንድ የመጣ ተጽዕኖ ይኖርበት እንደሆነ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል።

የሚያስገርመው የስሙ ነገር ነው። አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ለእንዲህ ዓይነቶቹ ፊደላት የወል ስም ሲያወጣ የመረጠው «አቡጊዳ» የሚለውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሀሁን ጨርሰው የሚቆጥሩት አቡጊዳ፣ ዛሬ በዓለም የቋንቋ ጥናት ውስጥ የሕንድ ፊደላት ጭምር መጠሪያ ሆኗል።

ታዲያ ኮምፒዩተር ሲመጣ ሕንዶቹ ምን አደረጉ? ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የሚጽፈውም የሚያነበውም ኮምፒዩተር በዚያው ቁጥር መስማማት አለባቸው። አሜሪካውያን በ1963 ለራሳቸው ፊደል ባወጡት ሠንጠረዥ ውስጥ የነበሩት ቦታዎች 128 ብቻ ናቸው። ሕንዶች በ1980ዎቹ የራሳቸውን የጋራ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። በ1983 የተጀመረው ሥራ በ1988 ተሻሽሎ፣ በ1991 የአገሪቱ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት አጸደቀው።

የሠንጠረዡ ሐሳብ መሠረቱንና ቅጥያውን መለየት ነበር። በ1991 ከወጣው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ምሳሌ እንውሰድ፤ የሕንዶቹ ፊደላት እዚያ የገቡት የ1988ቱን የአገራቸውን ሠንጠረዥ ተከትለው ነውና። በዴቫናጋሪ «ካ» የምትባለው ሆሄ ቁጥሯ 2325 ነው። የ«ኢ» ቅጥያ ቁጥሯ 2367 ነው። ስለዚህ «ኪ» ለመጻፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቁጥር ይይዛል። ቅጥያዋ ለዓይን የምትታየው ከሆሄዋ በስተግራ ሲሆን፣ በኮምፒዩተሩ ማኅደር ውስጥ ግን ከኋላዋ ትቀመጣለች፤ የሚሰማው ድምፅ ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነውና። «ሃላንት» የሚባል 2381 ቁጥር ያለው ሌላ ምልክት ደግሞ አናባቢውን አጥፍቶ ሁለት ተነባቢዎችን ያጣብቃል። ለዓይን አንድ የሚመስለው ሆሄ በውስጡ ሦስት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ወደ ውብ ቅርፅ የመለወጡ ሥራ ለፎንቱና ለፕሮግራሙ ተተወ።

ሕንዶች ይህን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ተነባቢዎቻቸው እርስ በርስ ሲጣበቁ የሚፈጥሩት ቅርፅ እጅግ ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ቁጥር መስጠት አይመችም። ከዚህም በላይ የዋና ዋና ፊደሎቻቸውን ሆሄያት በአንድ ዓይነት ተራ ደረደሯቸው። የቤንጋሊው «ካ» ቁጥር ከዴቫናጋሪው 128 ብቻ ይበልጣል፤ 2453 ነው። በቋንቋና በሃይማኖት የሚለያዩ ሕዝቦች በአንድ ሠንጠረዥ ሥርዓት መስማማታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

የዲስኬቱ ዘመን

በእኛ በኩል ታሪኩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1980ዎቹ አማርኛን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ቀድመው የተነሡት በአብዛኛው በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአሜሪካ ፍስሐ አትላው «ዳሽን» የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ «ሞድኤት»ን ሠሩ። እኚሁ ሰው በ2015 በግዕዝ ፊደል አጻጻፍ ዘዴ ላይ የአሜሪካን የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ከዚያ እነ ዋሸራ፣ አገፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ተከታትለው መጡ። ሁሉም በየፊናቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

ሆኖም ሁሉም አንድ ግድግዳ ገጠማቸው። በወቅቱ አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂት የማይባለው ቦታ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ የተያዘ ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አካፈሉት፤ አንዳንዶቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው ሆሄና ቅጥያ አድርገው ከፈሉት። የሁሉም ዘዴ ኮምፒዩተሩን ማታለል ነበር። ኮምፒዩተሩ የላቲን ሆሄ የጻፈ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ የአማርኛ ሥዕል ያሳያል። አንዱ ፕሮግራም «መ»ን ያስቀመጠበት ቁጥር በሌላው «ሸ» ወይም «ጎ» ሊሆን ይችላል። የጋራ ሠንጠረዥ አልነበረም።

አጋጣሚው ደግሞ የጽሑፍ ጎርፍ የወረደበት ዘመን መሆኑ ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። በአራት ኪሎና በፒያሳ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች ተከፈቱ፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጠበቃው ክስ፣ የደራሲው ረቂቅ እዚያ ይጻፋል። ዲስኬቱን ይዞ ወደ ሌላ ቤት የሄደ ደንበኛ «ይህ ፎንት እኛ ጋ የለም» ተብሎ ይመለሳል። አዘጋጆች ጽሑፋቸውን እንደ አዲስ ያስመቱ ነበር። ታትሞ ወረቀት ላይ የወጣው ተረፈ። ሳይታተም በዲስኬት የቀረው ረቂቅ፣ የሥራ መዝገብና ደብዳቤ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ አረጀ።

በኢሜይል የሚጻጻፉት ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ አማርኛ በላቲን ሆሄያት በቋሚ ሕግ ተጽፎ፣ በተቀባዩ ዘንድ ወደ ፊደሉ የሚመለስበት መንገድ ነው። የዛሬ ስልካችን ላይ በላቲን ቁልፍ እየመታን አማርኛ ስንጽፍ የዚያን ዘመን ሐሳብ ፈለግ እየተከተልን ነው።

4608

የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የማኖር ሐሳብ በ1988 በዜሮክስ ኩባንያ ባልደረባ በጆ ቤከር ቀረበ፤ ስሙም «ዩኒኮድ» ተባለ። በ1991 የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲወጣ የሕንድ ፊደላት ውስጡ ነበሩ። ተስማምተው ያዘጋጁት ሠንጠረዥ በእጃቸው ነበረና። የእኛ ፊደል በ1992 ከበርማና ከክመር ፊደላት ጋር በረቂቅነት ቀረበ። በይፋ የገባው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ሆሄያቱ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ በድምሩ 345 ነበሩ። በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ። በዲስኬት የቀረው ጽሑፋችን አብዛኛው የተጻፈው በነዚያና ከነዚያ ጥቂት ቀደም ባሉት ዓመታት ነው።

መዘግየቱ እንዳለ ሆኖ፣ የተገኘው ውጤት ግን ሊያኮራ የሚገባው ነው። ፊደሉ እንደ ሕንዶቹ ለሁለት አልተከፈለም። «ሀ» 4608 ናት፤ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። «ኪ» አንድ ቁጥር ብቻ አላት፤ 4778። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእኛ ቅጥያ ከሆሄው ጋር ተዋሕዷል። የ«ቡ» ቅጥያና የ«ሩ» ቅጥያ አንድ አይደሉም፤ የሳድሱ መልክ ከሆሄ ሆሄ ይለያያል፤ «ቦ»ን ለመጻፍ የ«በ» እግር ራሱ ይለወጣል። የሆሄያቱ ብዛት ደግሞ የሚቆጠር ስለሆነ ለሁሉም መቀመጫ መስጠት ይቻላል።

አቀማመጡም የቆየውን የፊደል ገበታ ይመስላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት መቀመጫ ያለው ረድፍ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ እርባታ፣ ስምንተኛው ለእነ «ሏ»ና «ሟ»። «ሀ» 4608 ስለሆነች «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ትሆናለች። አንባቢ በወረቀት ሊሞክረው ይችላል። የአንድን ሆሄ ቁጥር ለ8 ቢያካፍል ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 2 ከሆነ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይደርሳል። የ«ኪ» 4778 ለ8 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ሣልስ ናት። «ቈ» ካዕብና ሳብዕ ስለሌላት በእሷ ረድፍ እነዚያ ሁለት መቀመጫዎች ባዶ ናቸው። ሆሄው ሳይሰነጠቅ ቤተሰብነቱም አልጠፋም ማለት ነው። ጽሕፈት መኪናው ያላገኘው መፍትሔ ይህ ነበር።

ያለ ዋጋ ግን አልመጣም። ዩኒኮድ በብዛት በሚላክበት ዘዴ አንድ የላቲን ሆሄ አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ሆሄ ሦስት ይወስዳል። አጭር የስልክ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። ድምፃቸው በአማርኛ የተመሳሰለው ሆሄያት ሁሉ በየራሳቸው ቁጥር ስለገቡም ፍለጋ ይቸግራል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በሁለቱ ጸ፣ በሦስቱ ሀ ግዕዝና ራብዕ እየለዋወጠ የሚጽፍ ሰው አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያገኛል። ለኮምፒዩተሩ አሥራ ሁለቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፕሮግራሙ ካልተማረ በቀር «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ «ፀሐይ»ን አያገኝም። ቢሆንም ግዕዝን ለሚያነብ የ«ሠ»ና የ«ሰ» ልዩነት የትርጉም ልዩነት ነውና፣ ሁሉም መግባታቸው ትክክል ነበር።

የሙሉ ሆሄ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ከሕንድ በኩል የሚመሰክሩልን አሉ። 247 ሆሄያት ያሉት የታሚል ፊደል ተጠቃሚዎች «የእኛም ለምን እንደዚህ አልተቆጠረም?» ብለው ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የታሚል ናዱ ክፍለ አገር መንግሥት በ2010 ዩኒኮድን ሲቀበል፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ሆሄ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ሠንጠረዥም ጎን ለጎን አጽድቋል። ያ ሠንጠረዥ ግን በዓለም ስምምነት ውስጥ የለም።

ዘግይተው የተቆጠሩት

በ1999 የገባው ፊደል በዋናነት ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን የሚያገለግል ነበር። በዚሁ ፊደል የሚጽፉ ሌሎች ሕዝቦች ግን ነበሩ፤ አንዳንድ ሆሄያቸው በሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረም። በኮምፒዩተር ዓለም ደግሞ ቁጥር የሌለው ሆሄ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጁን በቋንቋው ሊያስተምር የሚፈልግ መምህር መጽሐፉን መጻፍ፣ መላክም ሆነ መፈለግ አይችልም።

በ2005 የብሌን፣ የምዕንና የሰባት ቤት ጉራጌ ሆሄያት ገቡ። በ2010 የጋሞ፣ የጎፋ፣ የዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ ተጨመሩ። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የተሻሻለው አጻጻፍ የሚያስፈልጉት 28 ሆሄያት ተቆጠሩ። ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ፊደል ከነምልክቶቹ 523 ደርሷል። ሆኖም ዘግይቶ የመጣ መቀመጫው ሩቅ ነው። የ«ሀ» ረድፍ ከ4608 ሲጀምር፣ የ2021ዱ ሆሄያት የተቀመጡበት ሰፈር ከ124896 ይጀምራል። ያረጁ ፕሮግራሞች ከ65535 በላይ የሆነውን ቁጥር በቅጡ አያስተናግዱም። ፎንቱ ባልደረሰው ስልክ ላይ ደግሞ ሆሄው ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የአራት ኪሎ ጸሐፊ ያየውን ባዶ ሣጥን ዛሬ የጉራጌ አካባቢ መምህር ሊያየው ይችላል።

የተጻፈው እንዲወረስ

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሕንዶች ፊደላቸውን ከፍለው ቢቆጥሩትም ቀድመው ተስማሙ፤ በመስማማታቸውም ቀድመው ገቡ። እኛ ፊደላችንን ሳይሰነጠቅ አስገባን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ስለኖረ ብዙ ዓመት አለፈን። ብልሃት አላነሰንም፤ እነ ዳሽንና ሞድኤት የተሠሩት ዩኒኮድ ገና ሐሳብ በነበረበት ዘመን ነው። የጎደለን ስምምነቱ ነበር።

በ2007 ማይክሮሶፍት «ቪስታ» የተባለውን ዊንዶውስ ለገበያ ሲያቀርብ «ኒያላ» የተሰኘ የግዕዝ ፎንት አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለማንበብ ልዩ ፕሮግራም መጫን የግድ መሆኑ እየቀረ ሄደ። አዲሱ ጽሑፋችን እንግዲህ መጠለያ አግኝቷል።

የአሮጌው ጉዳይ ግን አልተዘጋም። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ፣ በየጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉ መሳቢያ፣ በየደራሲው ቤት የተቀመጡ ዲስኬቶች አሉ። የአሮጌዎቹ ፎንቶች ሠንጠረዥ ከታወቀ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ዲስኬቱ ራሱ እያረጀ ይሄዳል፤ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ የሚያስታውሱት ጸሐፊዎችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ ዛሬ ቢጀምሩት ይደርሳሉ። በግለሰብ ደረጃም በመሳቢያው አሮጌ ዲስኬት ያለው አንባቢ ከመጣሉ በፊት የሚችል ሰው ቢያማክር መልካም ነው። አባቶቻችን «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ወራሹ ማንበብ እንደሚችል እርግጠኛ ሆነው ነበር። በእኛ ዘመን ያን እርግጠኝነት ለልጆቻችን የማቆየቱ ሥራ የእኛው ድርሻ ነው።